ደንገጎ ላይ የሚደክመው ቪኤይት፦ ማርሚታውን ላስቆርጠው ወይ?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «2013 ሞዴል ላንድክሩዘር 200 አለኝ፤ ቤንዚን፣ 4.6 ቪኤይት፣ ከዱባይ የመጣ። ቤቴ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው፣ እናቴ ሐረር ስላለች በየሳምንቱ የደንገጎን ዳገት እወጣለሁ። መኪናው ዳገቱ ላይ ይከብደዋል፣ ነዳጅም ይበላል። በቅርቡ ከፍ አስደርጌ 315/70 በ17 ጎማ አስገብቼበታለሁ። አንድ ጋራዥ፣ ካታላይዘሩንና (የጭሱን መርዝ የሚያጠፋውን) ማርሚታውን (ድምፁን የሚያፍነውን) አውጥተን እስከ ኋላ ባለ 3 ኢንች ቀጥታ ቱቦ እንዘርጋልህ፣ በደንብ ይተነፍሳል፣ ነዳጅም ይቆጥባል አሉኝ። ካታላይዘሩን የምናወጣልህ በነፃ ነው ብለዋል። እውነቱን ለመናገር ድምፁንም ወድጄዋለሁ። ምን ትመክረኛለህ?»

አቦ፣ ስለ ድምፁ ሳትደብቅ ስለተናገርክ መጀመሪያ ላመስግንህ። ለማርሚታ የሚመጣ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ጉልበትና ስለ ነዳጅ ነው፤ «ድምፁን ነው የምፈልገው» ብሎ ግቢዬ የገባ ሰው ትዝ አይለኝም። ሁለቱን ከለየናቸው ነገሩ ይቀላል። ድምፅ ከፈለግህ ማርሚታው ይነካል፣ እንዴት እንደሚነካም እነግርሃለሁ። የደንገጎው ድካም ግን ማርሚታው ውስጥ የለም።

ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደንገጎን ጨርሰህ ሐሮማያ ስትደርስ 2,000 ሜትር አካባቢ ነህ፤ ሐረር ትንሽ ዝቅ ትላለች፣ ወደ 1,900 ሜትር። ያንተ ሞተር ተርቦ የለውም፤ አየር የሚያገኘው ራሱ ስቦ ነው። እንዲህ ያለ ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል፣ ወደ ላይ በወጣህ ቁጥር አየሩ ይሳሳልና። ዱባይ፣ ባሕሩ ጥግ፣ ወደ 300 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር ሐሮማያ ላይ ከ240 ብዙም አያልፍም። ይህ ብልሽት አይደለም። ኮምፒዩተሩ የገባውን አየር ለክቶ ነዳጁን ስለሚመጥን መኪናው አያጨስም፣ አይንተፋተፍም፤ ዝም ብሎ ነው የሚደክመው። ሰውም ዝም ብሎ የሚደክም ነገር ሲያይ የታፈነ ይመስለዋል።

ደግሞ ከፍታ ላይ የማርሚታው እንቅፋትነት ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። የገባው አየር ካነሰ የሚወጣው ጭስም ያንሳል። ቱቦው ዱባይ ላይ ካልጠበበው ደንገጎ ላይ አይጠብበውም።

አሁን ወደ ጎማህ እንምጣ። አንተ በአንድ ዐረፍተ ነገር አልፈኸዋል፣ እኔ ግን ጥያቄህን ሳነብ የቆምኩት እዚያ ላይ ነው። የፋብሪካው 285/65 በ17 ጎማ ቁመቱ 80 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። አንተ ያስገባኸው 87 ይሞላል፤ ወደ 9 በመቶ ይረዝማል ማለት ነው። ጎማ ሲረዝም ማርሾቹ ሁሉ አብረው ይረዝማሉ፤ ሦስተኛህ እንደ ድሮው ሦስተኛ አይጎትትም። ከፍታው የወሰደውን 20 በመቶና ጎማው የወሰደውን አንድ ላይ ብታሰላው፣ መኪናውን ወደ ፊት የሚገፋው ኃይል ከዱባዩ ጋር ሲነጻጸር ከሩብ በላይ ቀንሷል። የጎማውን ክብደት ገና አልቆጠርኩትም። በዚህ ሁሉ ላይ ከካታላይዘሩ ወዲያ ያለውን ቱቦ በደንብ አሠርተህ ብትቀይር የምታገኘው ጥቂት በመቶ ነው፤ እሱም ከፍተኛ ዙር ላይ። ደንገጎን ደግሞ ከጭነት መኪና ኋላ ተሰልፈህ እየወጣህ 5,500 ዙር መቼ ታየዋለህ?

ነዳጅ ይበላል ያልከውም ከፊሉ የሒሳብ ነገር ነው። ቆጣሪው የሚያውቀው የድሮውን ጎማ ነው። እሱ 100 ኪሎ ሜትር ሲልህ አንተ የሄድከው 109 ነው። ነዳጁን በ100 ስታካፍለው የበላብህ ይመስልሃል። ፍጥነትም እንዲሁ ነው፤ 80 እያነበብክ 87 ላይ ነህ። ለደንገጎ መውረጃ ይህን ብታስታውሰው አይከፋም።

እኔም በወጣትነቴ ቆርጫለሁ፣ ልንገርህ። መኪናው ሐረር ላይ ታክሲ ሆኖ የኖረ ፔጆ 404 ነበር፣ 1.6 ሊትር። ማርሚታውን አውጥቼ ቧንቧ ሰካሁበት። መጋላ ውስጥ ሲያልፍ ሰው ሁሉ ይዞራል፤ እኔ ደግሞ ጉልበቱ የተጨመረ መስሎኝ እምልበት ነበር። ከጓደኛዬ ጋር ሳንቆርጠውም ከቆረጥነውም በኋላ ሰዓት ይዘን ከታች እስከ ደንገጎ አናት ለክተን ነበር። ከተቆረጠ በኋላ አንድ ደቂቃም አላሻሻለም፤ እንዲያውም ትንሽ ዘገየ። የባቡሩ ወርክሾፕ፣ ሸሚንደፈር ውስጥ ያረጀ አንድ ሽማግሌ ጎረቤት ነበረኝ (በድሬ ደንብ አንቱ አንባባልም፣ ሌላ አገር ያላችሁ አንባቢዎች ይቅርታ)። ነገሩን ሰምቶ «ጩኸት የሚጎትት ቢሆን አህያ ባቡር ትጎትት ነበር» አለኝ። ማርሚታውን ከፍዬ መልሼ አስገጠምኩ።

በሌላ በኩል ደግሞ «ሞተር ባክ ፕሬሸር (ጭሱን ወደ ኋላ የሚገፋ ግፊት) ካላገኘ አይሠራም» የሚሉ አሉ። እነሱም ተሳስተዋል። ሞተር መታፈን አይወድም፤ የሚወደው ጭሱ በፍጥነት እንዲሄድ ነው። አንዱ ሲሊንደር የተፋው ጭስ በፍጥነት ሲሮጥ ከኋላው ባዶነት ትቶ የሚቀጥለውን ይስባል። ቱቦውን ያለ ልክ ስታሰፋው ጭሱ ይዘገያል፣ ይቀዘቅዛል፣ ያ መሳብ ይደክማል። ከ2.5 ኢንች ወደ 3 መሄድ ግማሽ ኢንች ብቻ ይመስላል፤ የቀዳዳው ስፋት ግን በ44 በመቶ ይጨምራል። የሚጎዳው ደግሞ ዝቅተኛው ዙር ነው፣ አንተ ዳገት የምትወጣበት። ተርቦ ያለው ናፍጣ ላይ ነገሩ ሌላ ነው፤ ከተርቦው በኋላ ያለው ቱቦ በሰፋ ቁጥር ይጠቅማል። ስለዚህ ናፍጣ ቪኤይት ያለው ጓደኛህ አስፍቶ ለውጥ አየሁ ካለህ አልዋሸህም። መኪናችሁ ከውጭ አንድ ይምሰል እንጂ ሞተራችሁ ለየቅል ነው።

መቁረጥ ከማሰብህ በፊት መለካት አለ። ከካታላይዘሩ በፊት ያለውን ኦክስጅን ሴንሰር ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ይፈቱትና በቦታው የግፊት መለኪያ ይሰኩበታል። ሞተርህ ቪ ስለሆነ ሁለት ጎን አለው፤ ሁለቱም ይለካ። ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳትረግጥ ቆሞ ሲሠራ) 0.1 ባር ገደማ ወይም ከዚያ በታች፣ 2,500 ዙር ላይ ይዘህ ከ0.2 ባር በታች ካነበበ ቱቦህ አልታፈነም፤ ወሬው አለቀ። ከዚያ ካለፈ ካታላይዘሩ ቀልጧል ወይም ተደፍኗል፣ ወይም የማርሚታው የውስጥ ላሜራ ወድቆ መንገድ ዘግቷል። ያኔም ቢሆን ካታላይዘር በራሱ አይሞትም። ካንዴላ ወይም ኮይል ደክሞ ያልተቃጠለ ቤንዚን እየሄደ አቃጥሎታል፣ ወይም ሞተሩ ዘይት ይበላል። ገዳዩን ሳትይዝ አስከሬኑን ብታነሣ አዲሱም ይሞታል። ይህችን ርካሽ መለኪያ ያልያዘ ጋራዥ «ታፍኗል» ሲልህ የሚናገረው ከግምት ነው።

የአየር ፊልትሮህንም አውጥተህ እየው። በድሬ አቧራ፣ በተለይ ወደ ሽንሌ በኩል የሚሄድ መኪና፣ መመሪያው የሚለውን ኪሎ ሜትር ጠብቆ ፊልትሮ ቢቀይር ዘግይቷል። ሞተር የሚታፈነው ብዙ ጊዜ በአፍንጫው በኩል ነው።

«በነፃ እናወጣልሃለን» ስላሉህ። ካታላይዘሩ ውስጥ ያለው ሴራሚክ በፕላቲነም፣ በፓላዲየምና በሮዲየም የተቀባ ነው። ገዢ አለው፣ በኪሎ የሚመዘን ገዢ። የመኪናህን ውድ ዕቃ ወስዶ «ገንዘብ አልቀበልም» የሚልህ ሰው ተከፍሎታል። «አውጡልኝ ግን ዕቃውን ይዤ ነው የምሄደው» በለውና ዋጋው ነፃ ሆኖ ይቀጥል እንደሆነ እይ።

ካታላይዘሩ ሲወጣ ምን ይሆናል? ከኋላው ያለው ሴንሰር ሥራው እሱን መጠበቅ ነው፤ ሲያጣው የቼክ ኢንጅን መብራት ያበራል። ስካነር ብትሰካ ፒ 0420 እና ፒ 0430 ታነባለህ፣ አንድ ለእያንዳንዱ ጎን። ሴንሰሩን ትንሽ ወደ ውጭ አርቆ የሚያታልል ማያያዣ አለ፣ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ ከወር በኋላ መብራቱ ተመልሶ ይመጣል። እኔን የሚያሳስበኝ መብራቱ ራሱ አይደለም። ሁሌ የበራ መብራት የሚቀጥለውን ብልሽት ይደብቅብሃል፤ ኮይል ሲሞትብህ በምን ታውቃለህ?

«ነዳጅ ይቆጥባል» የሚለው ደግሞ ብዙ ጊዜ በተቃራኒው ይወጣል፣ ምክንያቱም ብየዳው። ከፊተኛው ሴንሰር በፊት ወይም አጠገቡ ትንሽ ቀዳዳ ወይም ያልተጣበቀ ጓርኒሲዮን (የመገጣጠሚያ ማሸጊያ) ካለ፣ ጭሱ ምት ምት እየሆነ ስለሚሄድ በመሃል በመሃል አየር ከውጭ ይስባል። ሴንሰሩ ያን አየር አይቶ «ነዳጅ አንሷል» ብሎ ያሳውቃል። ኮምፒዩተሩም አምኖ ይጨምራል። እንዲህ ሆኖ የመጣልኝ አንድ መኪና ነበር፤ ባለቤቱ ሁለት ሴንሰር ገዝቶ ቀይሯል፣ የጠፋው የአንድ ብሎን መጥበቅ ነበር።

አሁን ቀልድ የሌለበት ነገር። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፣ ካታላይዘሩ የሚያጠፋውም በዋናነት እሱን ነው። ያንተ መኪና ኋላው እንደ ሳጥን ቀጥ ያለ ነው፤ ሲሄድ ከኋላው አየሩ ይሳሳና የወጣውን ጭስ ወደ ራሱ ይመልሰዋል። ቱቦውን ከኋላ አክሱል በፊት ቆርጠው በጎን ካወጡት ወይም ከቦዲው ጠርዝ ሳያልፍ ከተውት፣ ጭሱ በበሩ ጎማና በወለሉ ቀዳዳ ይገባል። በድሬ ሙቀት ከሰዓት በኋላ መኪና አቁሞ፣ መስኮት ዘግቶ፣ ኤሲ ከፍቶ በርጫ የሚቀመጥ ስንት ሰው እንዳለ አንተም ታውቃለህ። ጭሱ የሚያመጣውን ራስ ምታትና ድብታ ከምርቃና መውረድ ጋር ማን ይለየዋል? ሌላው ሁሉ ገንዘብ ነው፣ ይህ ግን ነፍስ ነው። ካታላይዘሩም ይቆይ፣ ቱቦውም እስከ መጨረሻው ይሂድ።

እንግዲህ ድምፅ ፈልገሃል። ማኒፎልዱን (ጭሱን ከሞተሩ የሚቀበለውን)፣ ካታላይዘሮቹንና ሴንሰሮቹን ሳትነካ ከዚያ ወዲያ ያለውን ብቻ ቀይር። የመሃሉን ማርሚታ ተወው፤ የኋላውን በቀጥታ በሚያሳልፍ ማርሚታ ለውጥ። ይህ ውስጡ በቀዳዳ የተሞላ ቱቦ ሆኖ ዙሪያውን በመስታወት ጭረት (ፋይበርግላስ) የታጨቀ ነው፤ ጭሱ እንደ ባዶ ቱቦ ያልፋል፣ ስለቱ የወጣለት ወፍራም ድምፅ ይቀራል። ጭረቱ ከዓመታት በኋላ ይቃጠላል፣ ያኔ ድምፁ ይሰነጠቃል፤ መቀየሪያ ጊዜው ያ ነው።

ማርሚታውን ሁሉ አውጥቶ ባዶ ቱቦ የዘረጋ ሰው ደግሞ መጀመሪያ የሚማረው ስለ እምቧይታ ነው፣ ካቢኑን ስለሚሞላው የማያቋርጥ ጉምጉምታ። መንገድ ላይ፣ ከኤረር ማዶ ሜዳው ላይ ይዘኸው ስትሄድ ሞተርህ 1,800 ዙር አካባቢ ያርፋል እንበል። ባለ ስምንት ሲሊንደር በዚያ ዙር በሰከንድ 120 ጊዜ ይተኩሳል። ትልቅ ካቢን ውስጥ ያ ድምፅ ከበሮ ውስጥ እንደተቀመጥክ ያደርግሃል፤ ልጆች ይታመማሉ፣ ስልክ አይሰማም። መድኃኒቱ አለ፦ ከዋናው ቱቦ ጎን መጨረሻው የተደፈነ ቅርንጫፍ ይበየዳል። ድምፁ ገብቶ ግድግዳውን መትቶ ሲመለስ ከሚመጣው ጋር ተገናኝቶ ይጠፋፋል። ለ120ው፣ ጭሱ ወደ 300 ዲግሪ ሲሆን፣ ርዝመቱ 1 ሜትር ገደማ ይሆናል። ከመበየድህ በፊት ድምፁ በየትኛው ዙር እንደሚያስቸግርህ ራስህ ነድተህ ጻፈው፤ ርዝመቱ ከዚያ ይሰላል።

ስለ ቱቦው። የውሃ ቧንቧ አትቀበል፣ ያ ነጭ ጋልቫናይዝድ የሚባለውን። ከከባድነቱ ሌላ፣ የተቀባው ዚንክ ሲበየድ ይተናል፤ የሚተነፍሰው በያጅ ማታ እንደ ወባ ብርድ ብርድ ይለዋል። ወተት ጠጣ ይሉታል፣ ወተት ምንም አያደርግለትም። ስቴንለስ ይሁን። «ማግኔት ከያዘው ስቴንለስ አይደለም» ብለው ሊያባርሩህ ይችላሉ፤ 409 የሚባለው ማግኔት ይይዛል፣ ፋብሪካዎችም ለጭስ ማውጫ የሚመርጡት ነው። 304 ማግኔት አይይዝም፣ ዝገትን የበለጠ ይችላል፣ ሲግል ግን በጣም ይለጠጣል፦ 3 ሜትር ቱቦ ሙቀቱ 400 ዲግሪ ሲጨምር 2 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። ስለዚህ ከሻንሲው ጋር በብረት ቆልፈው እንዳይበይዱት። የፋብሪካውን የጎማ መስቀያዎች ይጠቀሙ፣ ፊት ለፊት ደግሞ የሚተጣጠፈው መገጣጠሚያ ይኑር። አለበለዚያ ከጥቂት ወር በኋላ የሚሰነጠቀው ማኒፎልዱ ነው።

ኩርባዎቹን ራስህ እያቸው። በማሽን ውስጡ ተደግፎ የታጠፈ ኩርባ ስፋቱ አይቀንስም። ዝም ብሎ ተጨቁኖ የታጠፈው ይጨማደዳል፤ 3 ኢንች ብለው የሸጡልህ ኩርባው ላይ 2.5 ይሆናል፣ ያወጣኸው ገንዘብ እዚያው ቀረ። ቱቦው ከነዳጅ ታንኩ፣ ከፍሬን መስመርና ከኋላ ከተንጠለጠለው ትርፍ ጎማ ይራቅ፤ የፋብሪካው የሙቀት መከለያ ላሜራዎች አንድም ሳይቀሩ ይመለሱ። ደረቅ ሣር ላይ የቆመ መኪና እንዴት እንደሚቃጠል ያየ ሰው ይህን ሁለተኛ አይነገረውም። ከብየዳው በፊት የባትሪው ኔጌቲቭ ይፈታ፣ ሴንሰሮቹ ይውጡ፣ የብየዳው መሬት መያዣ ከሚበየደው ቦታ አጠገብ ይያዝ። በኮምፒዩተር የሚሠራ መኪና ላይ ያለዚህ የሚበይድልህን ሰው አስቁመው።

ያወለቅኸውን ዕቃ በሙሉ፣ መስቀያውን ሳይቀር፣ ጠቅልለህ ቤት አስቀምጥ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ስለተከለከለ፣ እንዳለ የቆየ መኪና ነገ ሲሸጥ ገዢው መጀመሪያ የሚያየው ፋብሪካው እንዳደረገው መሆኑን ነው። ለቦሎ ምርመራ ስትሄድም ድምፁ ጥያቄ ቢያስነሣብህ የምትመልሰው ነገር ይኖርሃል።

እናትህ ጀጎል ውስጥ ከሆነች ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። ከፈረስ መጋላ የሚወርደው የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ መኪና ግርግር የተባለው በስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው። በዚያ ጠባብ ግንብ መሃል ማለዳ ባዶ ቱቦ ይዘህ ብትገባ ስሙ ወደ አንተ መኪና እንዳይዞር እፈራለሁ።

እኔ ብሆን በዚህ ሳምንት የማደርገው ይህ ነው፦ ፊልትሮ፣ ካንዴላና የግፊቱ ልኬት። የቆጣሪውን ልዩነት በጂፒኤስ አረጋግጠህ ነዳጅህን እንደገና አስላ። ደንገጎ ሥር ስትደርስ ማርሹን ወደ ኤስ አምጥተህ ሦስተኛ ላይ ያዘው፤ 3,000 ዙር አይገድለውም፣ የሚያደክመው አምስተኛ ላይ ሆኖ መታገሉ ነው። የድሮዎቹ ጎማዎች አሁንም ካሉህ አንድ ቅዳሜ እነሱን አስገጥመህ ያንኑ ዳገት ሰዓት ይዘህ ውጣ። ልዩነቱን ካየህ በኋላ ስለ ማርሚታው እንደገና ጻፍልኝ፤ የግፊቱን ቁጥር ከሁለቱም ጎን መላክህን ግን አትርሳ።